ማሽኑ ሙርያቲን የጠየቃት

የጤና ጣቢያችንን ካርድ ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው ሙርያቲ ናት። ትልቁም ትንሹም «ቡ ሙርያቲ» ይላታል፤ እናት ሙርያቲ እንደ ማለት ነው። እኔ የአምቡላንሱ ሹፌር ካስራን ግን እኩያዋ ስለሆንኩ «አንቺ» ብያት ነው የኖርኩት። እሷም ብትሆን ለእኔ ምላሷን ሰብስባ አታውቅም። ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ በመስኮት ብቅ ትልና «ኧረ ያቺን መኪናህን ለሐኪም አሳያት፤ ከምታመጣቸው በሽተኞች በላይ እኮ ታስላለች» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «መነጽርሽን ጥረጊውና የሚያስለው ማን እንደሆነ ለዪ» እላታለሁ። ሳቅ የሚበዛበት ግቢ ነበር። አሁን አይደለም።

አባቷ እዚሁ ሱምቢንግ ተራራ ጎን የትምባሆ ቅጠል ከታፊ ነበር። ትምህርቷን ሳትገፋበት ጤና ጣቢያው ለጽዳት ቀጠራት። ካርድ ክፍሉን ስትጠርግ፣ መደርደሪያውን ስትወለውል፣ የትኛው ፎልደር የት እንዳለ ለመደች። የድሮው ካርድ ጸሐፊ ጡረታ ሲወጣ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገም።

በዚያ ዘመን ካርድ የሚቀመጠው በሰው ሳይሆን በቤት ነበር። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ አያት ካለችም አያት፣ ሁሉም በአንድ ቡናማ ፎልደር ውስጥ ተቃቅፈው ይተኛሉ። በሽተኛ ሲመጣ ሙርያቲ ስሙን አትጠይቅም፤ «የማን ቤት ልጅ ነህ?» ነው የምትለው። ከቤቱ ውስጥ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ በፎልደሩ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ወፍራም መስመር ታሰምርበታለች። ከዚያ ቤት ማንም ይምጣ ማን፣ ቀዩን መስመር አይቶ «ማነው የማይስማማው?» ሳይል መርፌ የሚያነሳ ነርስ አልነበረም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። ከኮምፒውተሩ ጋር ደግሞ መስ ዳናር መጣ፤ «መስ» የምንለው ለወጣት ወንድ ነው። ሶፍትዌሩን ከሚሠሩት ልጆች አንዱ ሲሆን የጆግጃ ከተማ ልጅ ነው፤ ከሲታ፣ ትሑት፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ። በረንዳው ላይ ሰብስቦን፣ የተጠበሰ ካሳቫ እየበላን፣ ነገሩን ያስረዳን ጀመር።

«አንድ ትልቅ ቤት አይደለም የምንሠራው» አለ። «ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። ካርድ ክፍሉ ለብቻው፣ ላብራቶሪው ለብቻው፣ መድኃኒት ቤቱ ለብቻው፣ ታች ከተማ ያለው ሆስፒታልም ለብቻው። በመካከላቸው ግን በር አለ። በሩን የሚከፍተው የሰውየው ቁጥር ነው። እዚህ የተጻፈው እዚያ ይታያል። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ማሽኑ ይዞት ይቆይና ሲመለስ ይልከዋል።»

«ቁጥር የሌለውስ?» አለች ሙርያቲ። ተራራ ላይ መታወቂያ ቁጥር ያልወጣለት ሕፃን ሞልቷል።

«ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጡታል፣ ቡ።»

«ቤቱስ የት ገባ?» አልኩ እኔ።

«የምን ቤት፣ ፓ ካስራን?» አለኝ፤ «ፓ» አባት እንደ ማለት ነው።

«አባትና እናት፣ ፎልደሩ።»

ፈገግ አለ። «ቤት የለም፣ ፓ። ሰው ብቻ ነው ያለው።»

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ አላለኝም። ግን እኔ ሹፌር ነኝ፤ ማን ይሰማኛል? ሙርያቲ ግን ወደደችው። ዓይኗ እስኪቀላ ድረስ ያንን ሁሉ ቡናማ ፎልደር እየፈታች ሰውን ከቤቱ እያወጣች አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ አስገባች። ቀዩን መስመርም አልረሳችም። ማሽኑ ላይ በባለቤቱ ስም አናት በቀይ ቀለም ብቅ እንዲል አድርጋ ጻፈችው።

አንድ ነገር ግን ቶሎ አስቸገራት። እኛ ጋ ወንድ ልጅ ሲያገባ የአዋቂ ስም ይወጣለታል። እኔ ራሴ ጎረምሳ ሳለሁ ካስራን ብቻ ነበርኩ፤ ሳገባ ካስራን ዊርዮሱማርቶ ተባልኩ። ማሽኑ ታዲያ ሁለት ሰው አደረገኝ። አንደኛው ካስራን የደም ግፊት አለበት፣ ሁለተኛው ካስራን እንደ ብረት ጤነኛ ነው። «ሁለተኛውን ለሚስቴ ስጡልኝ» ብዬ ስንሳሳቅ ሙርያቲ ግን ስልክ ደውላ ለዳናር ነገረችው።

«መስ፣ እዚህ ሰው ስሙን ይለውጣል። ማሽንህ ይህን ካላወቀ ተራራውን ሁሉ እጥፍ ያደርገዋል።»

ልጁ ሰማት። ተመልሶ ሠርቶ ላከው። ከዚያ ወዲያ አዲስ ካርድ ሲከፈት ማሽኑ የእናትን ስም፣ የትውልድ ቀንንና መንደርን ያመሳክርና የሚመስል ካገኘ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ይጠይቃል፦ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?» ከታች ሁለት ቁልፍ አለ። «አንድ ናቸው» እና «አይደሉም»። የእኔን ሁለት ካርድ ሙርያቲ በአንድ ጣት አንድ አደረገቻቸው። «በል፣ ጤነኛው ካስራን ሞተ» አለችኝ እየሳቀች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በእኛ ተራራ ግን መልአኩም አንዳንዴ ይሳሳትና ለሕፃን ትከሻ የማይሆን ስም ያወጣል። ልጁ ያኔ ይታመማል። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ አይወፍርም፣ ሌሊት ይባንናል። ሽማግሌዎች አይተው «ስሙ ከብዶታል» ካሉ ቀይና ነጭ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቀለል ያለ ስም ይወጣለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮውን ስም የሚጠራ የለም። በሽታው የሚያውቀው ያንን ስም ነውና፣ በሩ ላይ ቆሞ ቢጠራ «ያ ልጅ እዚህ የለም» መባል አለበት። ያ ልጅ የታመመውም ሕመም አይነሳም። የሚያድገው ሌላ ልጅ ነው፤ ታሞ የማያውቅ።

ሙርያቲ የልጅ ልጅ አላት። ነበራት። ልጇ ኒንግሩም ሕፃኑን ጡት እንዳስጣለች ታይዋን ሄዳ የሰው አያት ታስታምማለች፤ የልጁ አባት ደግሞ ሱማትራ ሄዶ እንደ ወጣ ቀርቷል። አባቱ ለልጁ ትቶለት የሄደው ብቸኛ ነገር አንድ ግዙፍ ስም ነው። ስሙን አሁን አልናገርም፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ልጁን ያሳደጉት ሙርያቲና ባሏ ሳርዲ ናቸው። ሳርዲ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከትምባሆውና ከልጁ ሌላ ዓለም አያውቅም።

ልጁ ድክ ድክ ሲል ጉሮሮው ታሞ እዚሁ ጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን ተወጋና ፊቱ አበጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ያን ቀን በተአምር ተረፈ። ሙርያቲ ያን ዕለቱኑ በቤቷ ፎልደር ላይ ቀይ መስመር አሰመረች። ማሽኑ ሲመጣም መጀመሪያ ያስገባችው የራሷን የልጅ ልጅ ቀይ ማስጠንቀቂያ ነበር። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ አልጠና አለ። አንዱ ሲለቀው ሌላው ይይዘዋል፤ አንገቱ እንደ ሽንኩርት አገዳ ቀጠነ። ሽማግሌዎቹ ያው የሚሉትን አሉ። ሙርያቲ መጀመሪያ አንገራግራ ነበር። በኋላ «ቢጠቅም ይጠቅማል፤ ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» አለችኝ። ገንፎውን እኔም በላሁ። አዲሱ ስም ዋሉዮ ሆነ፤ የዳነ፣ ጤነኛ ማለት ነው።

ልጁም ዳነ። ምን ልበላችሁ፣ ወፈረ፣ ዛፍ ላይ ወጣ፣ የአምቡላንሱን ጡሩምባ ካልነካሁ ብሎ አስቸገረኝ። ሙርያቲ ያኔ ከልቧ አመነች። እኔም ብሆን ያየሁትን አይቻለሁ።

ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል በአዲሱ ስምና ገና በወጣለት መታወቂያ ቁጥር ካርድ ልትከፍትለት ተቀመጠች፤ የድሮው የተያዘው በጊዜያዊ ቁጥር ነበር። በማግስቱ ሻይ ስንጠጣ ነገረችኝ።

«ማሽኑ ጠየቀኝ እኮ፣ ካስራን።»

«ምን ብሎ?»

«ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ‹አንድ ናቸው ወይ› ይለኛል። ያንን ስም ከዋሉዮ አጠገብ ሳየው በመዳፌ ሸፈንኩት።»

«ምን አልሽው ታዲያ?»

«‹አይደሉም› አልኩት» አለችና ስኳሩን አማሰለች። «ወደ ከተማው ሆስፒታል፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ ወደ ሁሉም በር ሊልከው ነዋ! በየበሩ ስሙን ልጥራለት እንዴ?»

ለራሷ ልጅ ያደረገችውን ለሌሎቹም አደረገች። ስማቸው የተለወጠ ልጆች ያሏቸው እናቶች በፍርሃት እየመጡ «ቡ፣ የድሮውን አትጽፉትም አይደል?» ሲሏት «አይዟችሁ፣ እኔ እያለሁ አይጻፍም» ትላቸው ነበር። ይመርቋታል። አንዷ ሙዝ፣ አንዷ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቴምፔ ጠቅልላ ታመጣላታለች። ደግነት ነበር። ዛሬም ሌላ ስም አልሰጠውም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ትምባሆ በሚለቀምበት ወቅት ሙርያቲን ለስብሰባ ወደ ሰማራንግ ከተማ ጠሯት። በአውራጃው ካሉት ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ያልተመለሰ ጥያቄ የሌለበት የእኛ ማሽን ብቻ ነው ተባለ። ሌሎቹ ጋ የተደራረበ ካርድ ሞልቷል፣ የእሷ ግን ንጹሕ ነው። የምስክር ወረቀት ሊሰጧት ነበር። አዲስ የራስ መሸፈኛ ገዝታ በአውቶቡስ ሄደች። እኔም «ስትመለሺ ደሞ ለመነጽርሽም ሽልማት ይሰጡሻል» ብዬ ሸኘኋት።

በዚያው ቀን ሳርዲ ልጁን አዝሎ መጣ። ጉሮሮው አብጦ፣ ትኩሳት ይዞታል። ነርሷ ረትኖ ናት፤ ከከተማ የመጣች ገና ወጣት ልጅ፣ እጇ የማይቸኩል፣ ጥሩ ነርስ። እኔ በሩ ላይ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«አባባ፣ የማይስማማው መድኃኒት አለ?» አለችው።

ሳርዲ ልጁን አየ። ጭንቅላቱን ዳበሰው። «ይሄ ልጅ ታሞ አያውቅም» አላት።

ረትኖ ወደ ማሽኑ ዞረች፤ ዋሉዮ ብላ ጻፈች። ንጹሕ ገጽ መጣላት። የትምህርት ቤት ክትባት፣ ቁመት፣ ክብደት። ቀይ ነገር የለም። መርፌውን ሞላች። እኔም ያንን የቆየ ቀን አላነሳሁም፤ ገንፎውን በልቻለሁና።

የሆነውን በዝርዝር አልተርክም፤ አንጀት የለኝም። ልጁ ጡሩምባዬን እንድነፋለት ጠይቆኝ ገና «እሺ» ሳልለው ነው መሳል የጀመረው። ረትኖ የማርከሻውን መርፌ ሰጠችው፣ ኦክስጅን አደረገችለት፣ ያላትን ሁሉ አደረገች። መኪናው ውስጥ አስገባናቸውና ቁልቁል ነዳሁ። መንገዱን የትምባሆ መኪኖች ሞልተውታል፤ ጡሩምባውን እየነፋሁ ወረድኩ። ከኋላዬ የሳርዲ ድምፅ ይሰማኛል።

«የዛሬ አራት ዓመትም እንዲሁ አብጦ ነበር። ተርፎ ነበር። አሁንም ይተርፋል።»

ረትኖ የኦክስጅኑን ጭንብል አስተካከለች። ቆይታ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ አሁን ነው የሚነግሩኝ?» አለችው።

«ያ እሱ አይደለማ» አላት ሳርዲ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መቸኮል አላስፈለገንም።

ሙርያቲ የደረሰችው ለቀብሩ ነው። በከተማው አውቶቡስ መጥታ፣ የምስክር ወረቀቱን በፕላስቲክ ቱቦ እንደያዘች ቤቷ ግቢ ውስጥ ቆመች። ማንም ምንም አልነገራትም፤ ጀናዛውን ስታይ ሁሉም ገባት። አልጮኸችም። ቱቦውን ለእኔ ሰጠችኝና ገባች። እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ መልሰሽ ውሰጂም አላልኳት።

ከአውራጃው ጤና ቢሮ መርማሪዎች መጡ። ማሽን አይረሳም፤ ማን፣ መቼ፣ የቱን ቁልፍ እንደተጫነ ሁሉንም ይይዛል። ስሟን አነበቡላት፤ ቀኑን አነበቡላት፤ «አይደሉም» የሚለውን አነበቡላት። ሙርያቲ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ሳርዲን አልጠየቁትም። ቤትን አውጥቶ ሰውን ብቻ ያስቀረውን ማንም አልጠየቀውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ጡረታዋ ቀርቦ ስለነበር ቀደም ብላ እንድትወጣ ተወሰነ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ለምትተካት ልጅ ሥራውን እንድታሳያት።

ዳናርም መጣ። ሳየው በጥፊ ላልሰው ነበር፤ አልደብቅም። በኋላ ግን ሻይ ቀርቦለት ብርጭቆውን ማንሳት አቅቶት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ሲቀመጥ አየሁትና ንዴቴ ሌላ ነገር ሆነ።

«ቡ፣ የማያውቅ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው ጥያቄውን የሠራሁት» አላት። «የሚያውቅ ሰው ‹አይደሉም› ይላል ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔ አልዋሸሁም፣ ልጄ» አለችው። «ጠየቀኝ፣ ያመንኩትን መለስኩ። ሌላ ልጅ ነው ብዬ ነው ያመንኩት።»

ልጁ አቀረቀረ። ከዚያ የመጣበትን ነገር ፈራ ተባ እያለ አወጣው። ዋሉዮ በማሽኑ ላይ ሞቷል። ያኛው ግን፣ የድሮ ስም ያለው፣ አልሞተም። ካርዱ ክፍት ነው። የሞተን ሰው ካርድ እንደ ሕያው መያዝ አይገባም፤ ሁለቱን አንድ ለማድረግ ደግሞ የቤቱን ሰው ቃል ይፈልጋል። «እርስዎ ካልሆኑ ማንም አይችልም» አላት።

ሙርያቲ ስልኳን ከመቀነቷ አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ። መልእክት ነበር፤ ከማሽኑ በራሱ ጊዜ የተላከ። የልጅዎ የትምህርት ቤት ክትባት ጊዜ ደርሷል፣ እባክዎ ይዘውት ይምጡ ይላል። ስሙ ተጽፏል። ያ ስም። በየወሩ እንደሚመጣላት፣ እስኪከተብ ድረስም መምጣቱን እንደማያቆም ነገረችን።

«ይኸው፣ እሱ ደህና ነው» አለች። «ይቆይ። ማንን ጎዳ?»

ዳናር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ በዓይኔ ዝም አሰኘሁት። ካርዱን ሳይዘጋው ወደ ጆግጃ ተመለሰ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዊዳርቲ የምትባል የትምባሆ ለቃሚ ሚስት ትኩሳት የያዛትን ልጇን ይዛ መጣች። ሙርያቲ ካርድ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አታውቅም፣ የምትተካትን ልጅ ከበሩ ላይ ሆና ነው የምታሳያት። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ረትኖ፣ ፊቷ ከስቶ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉንም ሰው ሦስት ጊዜ ነው የምትጠይቀው።

«ይህች ልጅ ታማ አታውቅም» አለች ዊዳርቲ።

ሙርያቲ ተነሳች። መነሳቷን ያወቅሁት አግዳሚው ስለተንቀጠቀጠ ነው። ወደ ምርመራው ክፍል ገባችና «ዊዳርቲ፣ ቤታችሁ ቀይ መስመር አለው» አለቻት። «ያ ልጅሽን ያንዘፈዘፋት መድኃኒት። ረስተሽዋል?»

ዊዳርቲ ደነገጠች። «ቡ ሙርያቲ፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር። እርስዎ ራስዎ ‹አይጻፍም› ብለውኛል።»

«ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ አሁን ሊጠሩብኝ ነው? እርስዎ ያገኘዎት አነሰና?»

ረትኖ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሴትዮዋን ላስወጣት ተነስቼ ነበር። ሙርያቲ ግን አልተቆጣችም። የዊዳርቲን ክንድ ይዛ፣ ልጅቱን በሌላ እጇ ይዛ፣ ወደ ካርድ ክፍሉ ወሰደቻቸው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። «ነዪ፣ መጀመሪያ የኔን እዪ» አለቻት።

ዋሉዮ ብላ ጻፈች። ማሽኑ አወጣው። ሌላውንም ጻፈች፤ አንድ በአንድ፣ ፊደሉን በጣቷ እየፈለገች፣ ጨርሳ የማታውቀው ስም ይመስል። ሁለቱ ጎን ለጎን መጡ፣ ጥያቄውም ከበላያቸው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው? ረዥም ጊዜ አየችው። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«አንድ ናቸው» ብላ በአፏ ተናገረች፤ ከዚያ ተጫነችው።

ሁለቱ ገጾች አንድ ሆኑ። ከላይ ሁለቱም ስም፣ ከሥሩ ሞቷል የሚለው ቃል። ከሁሉም አናት ላይ ደግሞ እሷ ራሷ ያን ጊዜ ያስገባችው ቀይ ጽሑፍ፦ ፔኒሲሊን አይሰጠው። ሁላችንም አነበብነው። ረትኖም ከበሩ ላይ ሆና አነበበችው።

«ጃጋድ ፕራኮሳ» አለች ሙርያቲ ጮክ ብላ። ብርቱው ዓለም ማለት ነው። ለሕፃን ከባድ ነበር፣ እውነት ነው።

ዊዳርቲ አፏን በእጇ ያዘች። «ቡ፣ አይፈሩም? ቢሰማስ?»

«ከእንግዲህ ቢሰማ ማንን ይወስድብኛል?»

ልጅቱ በአፏ እየተነፈሰች ነው፤ ጉንፋኑ አፍንጫዋን ደፍኖታል። ዊዳርቲ ልጇን ወደ ጎኗ አስጠግታ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነችላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጅቱን የድሮ ስም በሙርያቲ ጆሮ ውስጥ ነገረቻት። ሙርያቲ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቀሪዎቹን ቤቶች በእኔ መኪና አዳረስናቸው። የነገሩን አሉ፣ ውሻ የለቀቁብንም አሉ። አንዲት አሮጊት «የራስሽን ገድለሽ የኛን ልትጠሪ መጣሽ» ብላ በሩን ዘግታባታለች። ሙርያቲ ከበሩ ተመለሰች። መኪናው ውስጥ ገብታ «ንዳ» ብቻ አለችኝ። ያን ቤት አልጻፈችውም፤ ከመመለሷ በፊት ግን በሩ ላይ በኖራ ትንሽ መስመር ስታሰምር አይቻለሁ፣ ቀይ ስላልነበራት።

አሁን ጡረታ ወጥታለች። ከሳርዲ ጋር ብዙም አይነጋገሩም፤ እሱ ትምባሆውን ያሰጣል፣ እሷ ትገለብጣለች። አልፎ አልፎ ሻይ ልጠጣ እሄዳለሁ። ባለፈው የሄድኩ ዕለት ስልኳን ብርጭቆዋ አጠገብ አስቀምጣ፣ እያነሳች ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች። መልእክቱ ይመጣበት የነበረው ቀን ነበር። ማሽኑ ለሞተ ልጅ ክትባት እንደማይጠራ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ዛሬ ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣ ካስራን» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁና አየሁት። ነበር።

«አዎ፣ የለም» አልኳት።